ያገለገለ የቅንጦት ናፍታ መኪና፦ ዋናው ሒሳብ ከግዢ በኋላ ነው

በኢትዮጵያ መኪና መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ማስቀመጫም ሆኖ ኖሯል። በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። እዚህ ግን የቀረጡ ክብደት፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የብር አቅም መዳከም ተደማምረው ያገለገለ መኪና ዋጋውን ይዞ እንዲቆይ አድርገዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ደላላ «ዛሬ ገዝተህ ነገ ብትሸጠው ታተርፋለህ» የሚለው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የሚዘነጋው ግማሽ መኪናው እስኪሸጥ ድረስ የሚጠይቀው ወጪ ነው። ለአብነት ያህል በደቡብ ጎንደር፣ የእስቴ ወረዳ ከተማ በሆነችው መካነ ኢየሱስ የሚነግድ አንድ የእህል ነጋዴ ይታሰብ። ነጋዴው ያጠራቀመውን ገንዘብ በተለምዶ «ቪ8» በሚባለው ባለናፍታ ላንድክሩዘር ላይ ሊያውል አስቧል።

ሁለት ናፍታ፣ ሁለት ጠባይ

ናፍታ ሞተር ጠንካራ ነው የሚለው ዝና የመጣው ከቀድሞዎቹ ሞተሮች ነው። በ«ሃርድ ቶፕ» ላንድክሩዘር ላይ የሚታወቀው 1ኤችዜድ ሞተር 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር ሲሆን ቱርቦ የለውም። ናፍታውን የሚገፋው ሜካኒካል ፖምፓ በመሆኑ ያለ ኮምፒዩተር ይጠገናል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የቪ8 ሞተር ግን 4.5 ሊትር፣ 8 ሲሊንደርና 2 ቱርቦ አለው። ናፍታው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት በኮምፒዩተር በሚታዘዙ 8 ኢንጀክተሮች ይረጫል። የመኪና ጎማ ነፋስ ከ2 እስከ 3 ባር መሆኑን ያወቀ ልዩነቱን ይረዳዋል። በዚህ ግፊት የሚሠራ ዕቃ ውኃ ወይም አቧራ የገባበትን ናፍታ አይችልም። በበርሜልና በጀሪካን የቆየ ናፍታ አሮጌውን ፖምፓ ቢያስነጥሰው፣ አዲሱን ኢንጀክተር ይገድለዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው ይበልጥ ይደክማል።

የዶላሩ ስሌት

መለዋወጫ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው። የአንድ ኢንጀክተር ዋጋ ለስሌት ያህል 300 ዶላር ቢባል፣ ስምንቱ 2,400 ዶላር ይሆናሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ሒሳቡ 136,800 ብር ነበር። በዓመቱ ዶላር ከ130 ብር አለፈ። በ130 ብር ብቻ ቢባዛ እንኳ ያው ዕቃ 312,000 ብር ደረሰ። ቀረጥ፣ የነጋዴ ትርፍና የእጅ ዋጋ ገና አልተጨመሩም።

የመኪናውን ዋጋ ከፍ ያደረገው የብር መዳከም የመለዋወጫውንም ዋጋ እኩል ከፍ አድርጎታል ማለት ነው። ልዩነቱ የመኪናው ትርፍ የሚገኘው ሲሸጥ፣ ለመለዋወጫው የሚከፈለው ግን መኪናው በቆመበት ቀን መሆኑ ነው። ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ኢንጀክተር መግዛት ወጪውን ይቀንሳል፤ ሆኖም ምን ያህል እንደሠራ አይታወቅም። የእያንዳንዱ ኢንጀክተር መለያ ቁጥርም በሞተሩ ኮምፒዩተር ላይ መመዝገብ አለበት።

የርቀት ዋጋ

አዲስ አበባ ያለ ባለመኪና ከጋራዥ ጋራዥ ያማርጣል። የመካነ ኢየሱሱ ነጋዴ ግን ኮምፒዩተር የሚያነብ ባለሙያ ፍለጋ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ድረስ መኪናውን በሎቤድ ሊያስጭን ይችላል። መለዋወጫ ሲጠበቅ መኪናው ይቆማል፤ ነጋዴውም መኪና ይከራያል። የመኸር እህል በሚገዛበት ወቅት ለጋራዥ የወጣ ገንዘብ እህል ሳይገዛበት የቀረ ገንዘብ ነው። የሥራ ማስኬጃውን አንሥቶ ቅንጦት ለሚገዛ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት ይስማማዋል።

ከመፈረም በፊት

ሞተሩ ሳይሞቅ፣ በጠዋት ይነሣ። የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍታ ወይም ወደ ሞተር የገባ የራዲያተር ውኃ፣ ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት፣ ከባድ ጥቁር ጭስ የአየርና የናፍታ አለመመጣጠን ምልክት ነው። የዘይት መለኪያው ከልኩ በላይ ካሳየና ዘይቱ ናፍታ ናፍታ ከሸተተ ናፍታ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው። ኢንጀክተሮቹ የሚመልሱት ናፍታ በባለሙያ ይለካ። የምርመራው ክፍያ ከአንድ ኢንጀክተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ከዚያ በኋላ ገዢው ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን ይጻፍ፦ የመኪናውን ዋጋና የሙሉ ኢንጀክተርና የቱርቦ ቅያሪ ዋጋን። ሁለቱን ደምሮ የሥራ ማስኬጃው ካልተነካ ግዢው ያዋጣል። የሚነካ ከሆነ ግን ምቾቱ ያነሰው ሃርድ ቶፕ ለመካነ ኢየሱስ ነጋዴ የተሻለ የገንዘብ ማስቀመጫ ነው።