መዝገቡን ከመንካትሽ በፊት

ልጄ፣ እሁድ ዕለት ያን ታስክ ማናጀር አልከፍት ያለውን ላፕቶፕ ይዘሽ መጥተሽ «ሬጅስትሪ ውስጥ ገብቼ ላስተካክለው?» ስትዪኝ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ስለነበር በወጉ አልመለስኩልሽም። ይኸው አሁን ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

1. የምትገቢበትን ቤት እወቂ። ድሮ ዊንዶውስም ፕሮግራሞቹም ቅንብራቸውን በየቦታው በተበተኑ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ነበር የሚያስቀምጡት። በ1995 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ 95 ወዲህ ግን አብዛኛው አንድ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ሬጅስትሪ የምንለው እሱን ነው። መዝገቡ የሚታረምበትን ፕሮግራም፣ ሬጅኤዲትን፣ ስትከፍቺ በግራ ፎልደር መስለው የሚታዩት «ኪ» ይባላሉ፣ በቀኝ ያሉት «ቫልዩ»። ከአምስቱ ዋና ዋና ቅርንጫፎች አብዛኛውን ጊዜ የምትሠሪው በሁለቱ ነው። «ከረንት ዩዘር» አሁን የገባውን ተጠቃሚ ብቻ ይመለከታል፤ «ሎካል ማሽን» ግን ኮምፒዩተሩን የሚጠቀመውን ሁሉ ይነካል። ያንቺ ላፕቶፕ ችግር በመጀመሪያው የሚያልቅ ከሆነ ወደ ሁለተኛው አትሻገሪ።

2. በሴቲንግስ ወይም በኮንትሮል ፓነል የሚሆን ነገር ከሆነ እዚያው ጨርሺው።

3. ቫይረስ ካለ እሱን ሳታጠፊ መዝገቡን አታስተካክዪ። ታስክ ማናጀርን የሚዘጋው ቫይረስ አሁንም እየሠራ ከሆነ አንቺ ያረምሽውን መልሶ ይጽፈዋል፤ ቀኑን ሙሉ ስትደክሚ ትውያለሽ።

4. መመለሻሽን አስቀድመሽ አዘጋጂ። ሬጅኤዲት «ሴቭ» የሚባል የለውም፣ በኮንትሮል ዜድም አይመለስም። ኦኬ ካልሽ ተጽፏል። ስለዚህ የምትነኪውን ኪ በቀኝ ክሊክ ኤክስፖርት አድርጊ፤ ፋይሉንም እዚያው ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ሳይሆን ፍላሽሽ ላይ አስቀምጪ። ኮምፒዩተሩ አልነሳም ካለ ውስጡ የቀረ ቅጂ ምን ያደርግልሻል? አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፦ ኤክስፖርት ያደረግሽውን መልሰሽ ስታስገቢ የተለወጠውንና የተሰረዘውን ይመልሳል እንጂ አንቺ አዲስ የጨመርሽውን አያጠፋም። እሱን በእጅሽ ነው የምትሰርዢው። ሪስቶር ፖይንትም ፍጠሪ፤ ሲስተም ፕሮቴክሽን ጠፍቶ ልታገኚው ስለምትችዪ መጀመሪያ አብሪው። ቀድሞ ዊንዶውስ ራሱ ሬግባክ በሚባል ፎልደር ውስጥ የመዝገቡን ቅጂ ያኖርልን ነበር። ከዊንዶውስ 10 እትም 1803 ጀምሮ ግን እንዲያ ማድረጉን ትቷል፤ ፋይሎቹን ብታገኚያቸውም መጠናቸው ዜሮ ነው። በዚያ የሚተማመን ጠጋኝ ዛሬም አያለሁ፤ ያሳዝነኛል።

5. መመለሻን አስቀድሞ ማዘጋጀት እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት ሰው አስለቅሼ ነው። የኤክስፒ ዘመን ነበር፣ ወሩ ሐምሌ፣ ግብር የሚታወጅበት። የአንድ የሒሳብ ቢሮ ኮምፒዩተር ከፍላሽ ቫይረስ ገብቶበት ጠሩኝ። «ዊንሎግኦን» በሚለው ኪ ውስጥ «ዩዘርኢኒት» የሚባል ቫልዩ አለ፤ ተጠቃሚው ፓስወርዱን ካስገባ በኋላ የትኛው ፕሮግራም ሥራውን እንደሚያስጀምርለት የሚነግረው እሱ ነው። ቫይረሱ ከትክክለኛው አድራሻ ቀጥሎ የራሱን ስም አስከትሎ አገኘሁት። ከስሙ በስተቀር ሌላውን መተው ሲገባኝ ሁሉንም አጥፍቼ በቃሌ መልሼ ጻፍኩት፤ አንድ ፊደል ገደፍኩ። ኤክስፖርት አላደረግሁም ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ፓስወርዱን ይቀበላል፣ ወዲያው መልሶ ያስወጣል። ሴፍ ሞድም ያው። የዓመቱ ሰነድ እዚያ ውስጥ ነው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ አጠገቤ ቆማለች። እንባዋን ስትጠርግ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በማግስቱ ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰካሁት። በዚያኛው ሬጅኤዲት «ሎካል ማሽን»ን መርጬ፣ ከፋይል ሜኑ «ሎድ ሃይቭ» ብዬ፣ ከተነቀለው ዲስክ ዊንዶውስ ፎልደር፣ ሲስተም32፣ ከዚያ ኮንፊግ ውስጥ «ሶፍትዌር» የሚባለውን ፋይል ከፈትኩ። የጤነኛውን ማሽን ቫልዩ ከታመመው ጋር ፊደል በፊደል ሳስተያይ የገደፍኳት ፊደል ታየችኝ። አርሜ፣ «አንሎድ ሃይቭ» ብዬ ዲስኩን ወደ ቦታው መለስኩ፤ ተነሳ። ይህን መንገድ ሳያስፈልግሽ በአሮጌ ዲስክ ተለማመጂው።

6. ቁጥር ስታስገቢ መስኮቱን እዪ። «ዲወርድ» የሚባለው ቫልዩ ሲከፈት አስቀድሞ የሚመረጠው ሄክሳዴሲማል ነው፤ 60 ብለሽ ስትጽፊ ኮምፒዩተሩ 96 ብሎ ይረዳዋል። ዴሲማል የሚለውን ምረጪና ጻፊ።

7. በቴሌግራም የተላከልሽን የሬጅ ፋይል፣ ማለትም ኤክስፖርት ስታደርጊ የሚወጣውን ዓይነት፣ ደብል ክሊክ አታድርጊ። በኖትፓድ ክፈቺና አንብቢው፤ ተራ ጽሑፍ ነው። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ከኪው ስም በፊት የመቀነስ ምልክት ካየሽ ያ ኪ ከነልጆቹ ይሰረዛል ማለት ነው። ያልገባሽ መስመር ካለ አታስገቢው። ሬጅስትሪ እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞችንም ከደንበኛ ማሽን አርቂ፤ ማይክሮሶፍት ራሱ እንደማይደግፋቸው ጽፏል፣ እኔም ማሽን ሲያፈጥኑ አላየሁም።

8. ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ የኪውን ሙሉ አድራሻ፣ የድሮውን ቫልዩ፣ አዲሱን ጻፊ፤ አንድ ነገር ለውጠሽ ሪስታርት ሳታደርጊና ውጤቱን ሳታዪ ወደ ሁለተኛው አትለፊ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የዩዘርኢኒትን ትክክለኛ አጻጻፍ ከጤነኛ ማሽን ፊደል በፊደል ገልብጪው። መጨረሻው ላይ ኮማ አለች፤ እሷንም ጻፊያት።