መጋቢት ቃሪያ፣ ሚያዝያ ቲማቲም፣ ግንቦት ልደታ ሐብሐብ

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ያደገ ሰው ችግኝ ማፍላት አስተምሩኝ አይልም። ጓሮው ያስተምረዋል። ጥግ ላይ ትንሽ መደብ ትደለደላለች፣ የጎመን ወይም የቃሪያ ዘር ይበተንባታል፣ ላይዋ ደረቅ ሣር ይጎዘጎዛል፣ ጠዋትና ማታ በተበሳሳ ጣሳ ውሃ ይርከፈከፍባታል። ሲበቅል ሣሩ ይገፈፋል። ለቤት የሚበቃው ይተከልና የተረፈው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሐሙስ ሒርማታ ገበያ ይወጣል። በቃ፣ ሙያው ይኸው ነው።

እኔም ይህንን ይዤ ነው ሚኒሶታ የገባሁት። በመጀመሪያው ዓመት ሜይ ላይ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ ሴንት ፖል ውስጥ በተከራየኋት የኮሚዩኒቲ ጋርደን መደብ ላይ የቃሪያ ዘሬን በተንኩ። ጁን ላይ በቀለ። ኦገስት መጨረሻ ላይ አበባ አሳየኝ። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት ስደርስ ቅጠሉ ሁሉ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ውርጭ ሌሊቱን መጥቶ ሄዷል። ከዚያ ሁሉ ውሃ ማመላለስ አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም።

ጥፋቱ የእጄ አልነበረም፣ የቆጠራዬ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ሆና የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ቀኑ በጋም ሆነ ክረምት ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፣ ውርጭ የሚባል ነገር ጓሮ አያውቅም። እዚህ ግን በዲሴምበር ቀኑ 9 ሰዓት አይሞላም፣ በጁን ደግሞ 15 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ውርጭ የሌለበት ጊዜ 5 ወር ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ቃሪያ «ተመቸኝ» የሚለው 3 ወር ብቻ። ቃሪያ ደግሞ ከዘር እስከ ፍሬ 4 ወይም 5 ወር ይፈልጋል። የጎደለውን ቤት ውስጥ መሙላት ግድ ነው።

ቀኑን የሚቆጥሩት ከመትከያው ወደኋላ ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ውርጩ አብዛኛውን ጊዜ በሜይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሰናበታል። ቃሪያ ግን ውርጭ ስለቀረ ብቻ አይወጣም፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ (50 ፋራናይት) በታች ከወረደ ቆሞ ይቀራል፣ ሳምንት ሙሉ አያድግም። ስለዚህ የሚወጣው በሜይ መጨረሻ፣ አሜሪካኖቹ ሜሞሪያል ዴይ በሚሉት ሰሞን ነው። እኔ በእኛው አቆጣጠር ግንቦት 20 ብዬ ይዤዋለሁ። ፖለቲካውን ትተን፣ ቀኑ ለመርሳት አያመችም። ከዚያ ወደኋላ ሲቆጠር ቃሪያና በርበሬ መጋቢት መግቢያ (ማርች 10)፣ ቲማቲም ሚያዝያ መግቢያ (ኤፕሪል 9)፣ ሐብሐብና ዱባ በግንቦት ልደታ (ሜይ 9) ቤት ውስጥ ይዘራሉ። ኤድመንተን ወይም ካልጋሪ ያላችሁ አንድ ሳምንት ገፋ አድርጉት፤ ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ወር ገደማ ማስቀደም ትችላላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመዘግየት ሳይሆን በመቸኮል ነው። ጃንዋሪ ላይ በረዶው ሲያስመርረው ቲማቲም ይዘራና ኤፕሪል ላይ ሳሎኑ ውስጥ አበባ ያወጣ፣ ሥሩ ኩባያውን ዞሮ የታነቀ ተክል ታቅፎ ይቀመጣል።

ዘሩን ከየት? እናቴ «በፖስታ ልላክልህ» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አይሆንም። ወደ አሜሪካ የሚገባ ዘር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ለጥቂት ዘር የሚሆን ሌላ መንገድም አለ፦ ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት አስቀድሞ «አነስተኛ የዘር መጠን» የሚባለውን ፈቃድ ማውጣት። በዚያ ፈቃድ እያንዳንዱ ፓኬት ከ50 ፍሬ ወይም ከ10 ግራም ሳይበልጥ እስከ 50 ፓኬት ማስገባት ይቻላል፤ ሁሉም የዘር ዓይነት ግን አይፈቀድም። ሻንጣ ውስጥ በካልሲ ጠቅልሎ ማምጣት የሚያዋጣ አይደለም፤ ሲገኝ ይወረሳል፣ ቅጣትም አለው።

የሐበሻ ሱቅ ያልተፈጨ የበርበሬ ዛላ ካለው ግን ዘሩ እዚያው ውስጥ ነው፣ በፀሐይ ደርቆ እሳት ካልነካው ይበቅላል። በሶብላም እንዲሁ፤ ለቅመም ከሚሸጠው ደረቅ አበባ ላይ እየፈተጉ ዘሩን ማራገፍ ነው። ጎመን ለሚፈልግ የዘር ነጋዴዎች «የኢትዮጵያ ጎመን» እያሉ ይሸጡታል፤ በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ፣ የእኛው ጎመን ዘር ነው። የሱቅ ዘር ሲሆን ከመዝራት በፊት መፈተን ይበጃል። እርጥብ የወጥ ቤት ወረቀት ላይ 10 ፍሬ ደርድሮ፣ አጥፎ፣ ላስቲክ ውስጥ ከትቶ ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ። በሁለት ሳምንት 8 ከበቀለ ግሩም ዘር ነው። 4 ከበቀለ በየኩባያው እጥፍ ይዝሩ። ምንም ካልበቀለ ለድልህ ያውሉት።

አሁን ወደ አፈሩ። ከጓሮ አፈር ቆፍሮ ቤት ማስገባት እዚህ አይሠራም። አፈሩ ውስጥ የሚያድር ሻጋታ በቤት ሙቀትና እርጥበት ይፈላና፣ ትላንት ቀጥ ብሎ የነበረው ችግኝ ዛሬ ከአፈሩ አፋፍ ላይ ክር አክሎ ይወድቃል። አንዱ ከወደቀ ጎረቤቱ ይከተላል። ለዘር ማፍያ ተብሎ የሚሸጠውን ቀላል ድብልቅ ይግዙ፤ አንድ ከረጢት ለዓመት ይበቃል። ዕቃውን ግን አይግዙ። የእርጎ ኩባያ ታችዋ በምስማር ሦስት ቦታ ከተበሳች ከሱቁ ትበልጣለች። ኩባያዎቹን ዝርግ ትሪ ላይ ደርድረው ውሃውን ትሪው ውስጥ ያፍስሱ፤ አፈሩ ከታች ይጠጣል፣ ላዩ ደረቅ ስለሚሆን ሻጋታው ይከለከላል። ሩብ ሰዓት ቆይቶ የተረፈውን መድፋት ነው። መቼ ይጠጣ? ኩባያውን ሲያነሱት ከቀለለ።

ዘር ለመብቀል ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ነው የሚፈልገው። ቃሪያ በ27 ዲግሪ (80 ፋራናይት) አካባቢ ከ8 እስከ 14 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል፤ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ ግን ወር ሙሉ አፍጥጠው ሊጠብቁት ይችላሉ። ከትሪው ሥር የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ አለ፣ ርካሽ ነው። ማሞቂያው አጠገብ ማስቀመጥም ይሆናል፤ ላዩ ላይ ግን አይደለም፣ ይጠበሳል። የመጀመሪያው አንገት ብቅ ሲል ከምንጣፉ ያውርዱት። ከበቀለ በኋላ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ይሻለዋል፣ ግንዱ ይደነድናል።

ችግኝ ከብርድ ይልቅ በመስኮት ያልቃል። ሁለተኛው ዓመት ላይ እኔም «ፀሐይ ያለበት መስኮት» አግኝቼ ኮርቼ ነበር። ችግኞቹ በሳምንት ውስጥ ወደ መስታወቱ ተጠምዝዘው፣ እንደ ባቄላ ቡቃያ ነጭና ቀጭን ሆነው ተመዘዙ። የማርች ፀሐይ እዚህ ብርሃኗ ለዓይን እንጂ ለቅጠል አይበቃም። መፍትሔው የጋራዥ መብራት ነው፦ ነጭ፣ ረጅም፣ ኤል ኢ ዲ። ሐምራዊ ቀለም ያለው ውድ መብራት አያስፈልግም፤ ከመንገድ ሲታይ ደግሞ ጎረቤት ሌላ ነገር የሚያበቅሉ ይመስለዋል። መብራቱን በሰንሰለት ሰቅለው ከችግኙ አናት ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ብቻ ያርቁት፣ ባደገ ቁጥር ከፍ ያድርጉት። በሰዓት መቆጣጠሪያ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይብራ። ሌሊትም መተኛት አለበትና አይርሱት። ባለ 40 ዋት መብራት በቀን 16 ሰዓት ቢበራ በወር 19 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፣ ከአንድ ቡና ዋጋ አይበልጥም።

እናቴ በስልክ ቪዲዮ ስታየው ሳቋ መጣ። «አንተ ልጅ፣ ለጎመን ደግሞ መብራት አበራህለት?»

«ቃሪያ ነው እማዬ።»

«ይሁና! እኛ እዚህ በሻማ እራት ስንበላ እሱ እዚያ ይንቀባረር!»

ከዘር ቅጠሎቹ ቀጥሎ እውነተኛው ቅጠል ሁለት ሦስት ሲሆን፣ ከየኩባያው ጠንካራውን አስቀርተው ሌላውን በመቀስ ይቁረጡ። መንቀል የቀረውን ሥር ያናጋል። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ በግማሽ ቀጥኖ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። በእጅዎ መዳፍ አናታቸውን በቀን አንዴ ዳበስ ዳበስ ያድርጉ፤ ንፋስ ነው ብለው ግንዳቸውን ያደነድናሉ። ልጆች ይሄን ሥራ ይወዱታል።

አሁን ብዙ ሰው የሁለት ወር ልፋቱን በአንድ ቀን የሚያጣበት ቦታ ደረስን፦ ችግኙን ከቤት ወደ ውጭ ማለማመድ። አጋሮ ያለው አጎቴ የቡና ችግኝ ያፈላ ነበር። መደቡ ላይ ዳስ አለ፣ ዳሱ ሣር ለብሷል። ክረምቱ ሲቃረብና ችግኙ ወደ ማሳ ሊወጣ ሲል አጎቴ ዳሱን በአንድ ቀን አያፈርስም። ዛሬ አንድ እፍኝ ሣር ከዚህ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አንድ እፍኝ ከዚያ፣ ፀሐይዋ መጀመሪያ እንደ ሳንቲም ነጠብጣብ፣ ከዚያ እንደ ጨርቅ ቁራጭ እየሆነች መደቡ ላይ ትወርዳለች። ልጅ ሆኜ ለምን በአንዴ እንደማይገፈው ጠይቄው «አንተ ከጨለማ ቤት ወጥተህ ፀሐይ ማየት ትችላለህ?» ብሎኛል። ይህንን የሰማሁ ሰው ነኝ እንግዲህ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ 40 ቃሪያ ከምድር ቤት አውጥቼ ሜዳ ላይ ደርድሬ ወደ ሰርግ የሄድኩት። ማታ ስመለስ ቅጠሎቹ እንደ ሲጋራ ወረቀት ነጥተው ነበር። ግማሹ አልተረፈም።

እንዲህ ያድርጉት። በመጀመሪያው ቀን ንፋስ የማይመታው ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ብቻ። በሁለተኛው ሁለት ሰዓት። በአራተኛው ቀን የጠዋት ፀሐይ ትንሽ ትንካቸው። በሳምንት ውስጥ ግማሽ ቀን ፀሐይ፣ ከ8 ወይም ከ10 ቀን በኋላ ሌሊቱ ካልበረደ ውጭ ይደሩ። ሥራ የሚውሉ ከሆነ በረንዳ ላይ ነጭ ስስ ጨርቅ እንደ ዳስ ወጥሮ መሄድ ይቻላል። የሚተከሉበት ቀን ደመናማ ወይም አመሻሽ ይሁን።

ሐብሐብ የጅማ ልጅ አይደለችም፤ ከስምጥ ሸለቆ በአይሱዙ ተጭና የምትመጣ እንግዳ ናት። ለእሷ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ ሥሯ ከተነካ ታኮርፋለች፤ ስለዚህ ከነኩባያው የሚተከልና አፈር ውስጥ የሚበሰብስ የወረቀት ኩባያ ይጠቀሙ፣ ቤት ውስጥም ከ3 ሳምንት በላይ አያስቆዩዋት። ሁለተኛ፣ ሞቃት መሬት ትፈልጋለች። ከመትከልዎ ሁለት ሳምንት በፊት መደቡ ላይ ጥቁር ላስቲክ ይወጥሩ፣ መሬቱ 18 ዲግሪ (65 ፋራናይት) ሲደርስ ላስቲኩን ቀደው ይትከሉ፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ጁን መግቢያ ነው። ትልልቆቹን ዝርያዎች ይተዉአቸው፣ አይደርሱም። ሹገር ቤቢ የምትባለው ትንሿ ጥቁር አረንጓዴ በ80 ቀን ገደማ ትደርሳለች። አበባ ሲመጣ የሸፈኑበትን ጨርቅ ሁሉ ያንሱ፣ ንብ ካልገባች ፍሬ የለም። መድረሷን በጣት እየመቱ ከመገመት፣ ከፍሬዋ አጠገብ ያለችው ጠምዛዛ ጅማት መድረቋንና መሬት የነካው ሆዷ ቢጫ መሆኑን ይዩ።

ዱባ ከተተከለ በኋላ እንደ አገሩ ነው፣ ሰፈሩን ይወርሳል። የዘሩን ምንጭ ግን ያስተውሉ፤ ከምድር ወገብ አካባቢ የመጡ ብዙ ዱባዎች ቀኑ እስኪያጥር አያብቡም፣ ቀኑ ሲያጥር ደግሞ እዚህ ውርጭ ደርሷል። ለጎመን የመብራት ቦታ አያባክኑ። ቀላል ውርጭ ይችላል፣ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ በቀጥታ መሬት ላይ ሊዘራ ይችላል። በጁን ረጅም ቀን ወዲያው ቢያብብብዎት አይገረሙ፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሌላ ዙር ይዝሩ። ውርጭ ከነካው በኋላ የሚቆረጠው የመፀው ጎመን ይጣፍጣል፣ እኔ ከሰኔው እመርጠዋለሁ።

ሲቸግር ሰው መጠየቅ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚያስተምሩት ከኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። አሁን ሄዶ የመጠየቁ ተራ የእኛ ነው፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ቅጠል በፎቶ አይተው በሽታውን የሚነግሩ በጎ ፈቃደኞች አሉት። ሁሉም ከሞተብዎትም አይዘኑ። ሜይ ላይ ሴንት ፖል የሕሞንግ ማኅበረሰብ ገበያ ሄደው የሚያቃጥል የቃሪያ ችግኝ ይግዙ፤ እነሱም ቃጠሎ ያውቃሉ።

ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ፣ ውርጭ ሳይቀድምዎት፣ ከሁሉ የሚበልጠውን አንድ የቃሪያ ግንድ ከነሥሩ ቆፍረው ባልዲ ውስጥ ይትከሉት። ቃሪያ በተፈጥሮው የአንድ ዓመት ተክል አይደለም፣ የሚገድለው ብርዱ ነው። ቅርንጫፉን አሳጥረው፣ ቅጠሉን ከታች ከላይ በውሃ አጥበው (አለበለዚያ ተባዩን ቤት ያስገባሉ)፣ ቀዝቀዝ ያለ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። ቅጠሉን ያራግፍና የሞተ ይመስላል። የእኔው ሦስተኛ ክረምቱን ይዟል፤ ባለፈው መጋቢት አዲሶቹ ዘሮች ገና ኩባያ ውስጥ ሳሉ እሱ ከደረቀው ግንድ ላይ አረንጓዴ ነጥብ አውጥቶ ጠበቀኝ።