የሦስት ወር ምስክር
ስለ ስኳር በሽታ የደም ምርመራ



የስኳር ሕመምተኛ የሐኪም ቀጠሮው ሲቃረብ ሁለት ሦስት ቀን ጣፋጩንና መጠጡን ትቶ ማለዳ ሳይበላ ቢመረመር፣ ውጤቱ ያምርለት ይሆናል። ያ ምርመራ ግን የሚናገረው ስለዚያች ማለዳ ብቻ ነው። ያለፉትን ወራት የሚመሰክረው ሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ የተባለው ነው።

ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከም ንጥረ ነገር ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ቀስ በቀስ ይጣበቅበታል፤ ሕዋሱም ይህን ይዞ ይኖራል። የሕዋሱ ዕድሜ 120 ቀን ያህል በመሆኑ፣ ውጤቱ ያለፉትን 2 ወይም 3 ወራት አማካይ ያሳያል። ለዚህ ምርመራ ሳይበሉ መቅረብ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. 6.5 በመቶን የበሽታው መለያ አድርጎ ተቀብሏል። በሕክምና ላይ ላሉ ብዙ ዐዋቂዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው፤ ለአረጋውያን ግን ሐኪሙ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ይህን ምርመራ ከደም ማነስ ምርመራ ጋር ማምታታት አይገባም። ያኛው የሄሞግሎቢንን መጠን በግራም ይለካል፤ ይህኛው ስኳር የያዘውን ክፍል በመቶኛ ይገልጻል። ሆኖም አንዱ ሌላውን ይነካል። ከደጋው ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ የያዘው ሰው ቀይ ሕዋሳቱ ስለሚጠፉ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ከብረት እጥረት የመጣ የደም ማነስ ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ወባ የያዘው፣ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው ሰው ለሐኪሙ ይንገር። ምርመራው በማይገኝበትም ስፍራ የማለዳው ምርመራ በየጊዜው ሊደገም ይገባል።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በዐቢይ ጾም እህል ሳይቀምስ ቢውል ስኳሩ በድንገት ወርዶ ሕይወቱን ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስገድድም። በጸሎትና በጠበል መታመንም መድኃኒትን መተው አይደለም፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙንም መድኃኒቱንም ከእግዚአብሔር የተሰጡ አድርጎ ያስተምረናልና።

ውጤቱ ከፍ ያለበትን ሰው እንደ በደለኛ አንቍጠረው። ምናልባት መድኃኒት የሚገዛበት አጥቶ ይሆናል። እውነቱን ሳይፈራ እንዲናገር የሚያደርገው ፍቅራችን ነው።

ለውይይት፦
1. በቍምስናችን ያሉ የስኳር ሕሙማን በጾም ወራት ማንን ያማክራሉ?
2. መድኃኒቱ ላለቀበት ጎረቤት ምን ማድረግ እንችላለን?