አውሮፕላን ቤት ውስጥ ይሠራል እንዴ?

የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምድ

 

«አውሮፕላን የት ይሠራል?» ተብለን ብንጠየቅ ሁላችንም «ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ!» ብለን እንመልሳለን። ልክ ነን፤ የቦይንግና የኤርባስ አውሮፕላኖች የሚሠሩት እዚያ ነው። ግን እኮ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ከሥራ ሲመለሱ ማታ ማታ በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎችም አሉ። መምህራን፣ መካኒኮች፣ ሐኪሞችና ጡረተኞች ይገኙባቸዋል። ሠርተው አያስቀምጡትም፣ ይበሩበታል። ታዲያ ፋብሪካ በሌለበት እንዴት አይወድቅም? የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው።

1. ተገጣጣሚ አውሮፕላን ምንድን ነው?

ክፍሎቹ ተዘጋጅተው በሳጥን የሚመጡና ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ዕቃ «ኪት» ይባላል። በአውሮፕላን ኪት ውስጥ የተቆረጠ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ሪቬት፣ ብሎንና ሥዕል ያለበት ማኑዋል ይመጣል። ብዙ ሠሪዎች በጅራቱ ይጀምራሉ። ከዚያ ክንፉን፣ ቀጥሎ ዋናውን አካል ይሠራሉ። ሞተሩና ፕሮፔለሩ ብዙ ጊዜ ለብቻ ይገዛሉ።

በዚህ ሥራ በጣም ከሚታወቁት አንዱ ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ያቋቋመው ቫንስ ኤርክራፍት ነው። የዚህ ድርጅት አውሮፕላኖች «አርቪ» ይባላሉ። ከ10,000 በላይ የሚሆኑት በየሰዉ እጅ ተገጣጥመው በረዋል።

የአሜሪካ ሕግ አንድ አውሮፕላን «በአማተር የተሠራ» እንዲባል ከግማሽ የሚበልጠው ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናናት ብለው በሚሠሩ ሰዎች መሠራት አለበት ይላል። አያችሁ? ለመማር ብሎ መሥራት በሕጉ ውስጥ ገብቷል!

2. ሥራው ምን ይመስላል?

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። እስቲ እናስላው። አንድ አውሮፕላን 1,500 ሰዓት ይፈጃል እንበል። ሠሪው በሳምንት 10 ሰዓት ቢሠራ፣ 1,500 ÷ 10 = 150 ሳምንት ነው። ይህም ወደ 3 ዓመት ይጠጋል ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አበው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ላሜራዎቹ የሚያያዙት በብዙ ሺህ ሪቬት ነው። መጀመሪያ ቀዳዳው በድሪል ይበሳል። ከዚያ የቀዳዳው ጠርዝ ይለሰልሳል። ለምን? ሻካራ ጠርዝ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ይነሳል፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ስንጥቁ እያደገ ይሄዳል። ሪቬት መምታት ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በውጭ በኩል በአየር መዶሻ ሲመታ፣ ሌላው በውስጥ በኩል ከባድ ብረት ይዞ ይደግፋል። ብዙ ጊዜ የሚደግፉት ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ናቸው። የተበላሸ ሪቬት ከተገኘ ተሰርስሮ ይወጣና ሌላ ይገባል።

3. ሁለተኛ ዓይን

ዋናው ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ሰው የራሱን ስህተት አያይም። ቃል ጽሕፈት ጽፈን ራሳችን ስናርመው ሁሉም ልክ ይመስለናል። ጓደኛችን ሲያየው ግን ወዲያው «ይቺ ፊደል ቀርታለች» ይለናል። የምናነበው የጻፍነውን ሳይሆን ልንጽፍ ያሰብነውን ስለሆነ ነው።

ደብተር ላይ ስህተት ቢቀር ኤክስ ይደረግብናል፣ በቃ። ክንፍ ውስጥ ስህተት ቢቀር ግን ዋጋው የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 ፖል ፖበረዝኒ የተባለ ሰው በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የሠሪዎችን ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ «ኢኤኤ» ይባላል። በማኅበሩ ውስጥ ልምድ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች አሉ። እነሱ አዲሱ ሠሪ ቤት ሄደው ሥራውን ያዩለታል። በተለይ ክንፉ ከመዘጋቱ በፊት ማሳየት ይመከራል፤ ከተዘጋ በኋላ ውስጡን ማየት ያስቸግራል። ሠሪው ደግሞ እያንዳንዱን ሥራ በፎቶና በጽሑፍ ይመዘግባል። በመጨረሻም አውሮፕላኑ የመብረር ፈቃድ እንዲያገኝ በመንግሥት ወይም መንግሥት በወከለው ሰው ይመረመራል።

4. ሚዛን፦ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

አንድ ማስመሪያ ጣታችሁ ላይ አስተኙ። ባለ 30 ሴ.ሜ. ከሆነ 15 ሴ.ሜ. አካባቢ ላይ ሚዛኑን ይጠብቃል። አሁን በአንዱ ጫፍ ላጲስ አስቀምጡ። ማስመሪያው እንዳይወድቅ ጣታችሁን ወደ ላጲሱ ማስጠጋት አለባችሁ አይደል? ይህ ነጥብ «የክብደት ማዕከል» ይባላል።

ደንቡ ክብደት × ርቀት ነው። መሃሉ ላይ ድንጋይ በተደረገበት ሳንቃ ላይ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከመሃሉ 2 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፣ 20 × 2 = 40 ይሆናል። በሌላው በኩል 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 1 ሜትር ላይ ቢቀመጥ፣ 40 × 1 = 40። እኩል ሆኑ!

የአውሮፕላኑ ሦስቱም ጎማዎች በሦስት ሚዛን ላይ ይቆሙና ይህንኑ ስሌት ይሠሩለታል። ጅራቱ ከሚገባው በላይ ከከበደ አውሮፕላኑን መቆጣጠር አደገኛ ይሆናል። «ሒሳብ ምን ይጠቅመኛል?» የምትሉ ልጆች፣ ሰምታችኋል?

5. የሙከራ በረራ

አዲሱ አውሮፕላን መጀመሪያ ብዙውን ጊዜ ለ25 ወይም ለ40 ሰዓት ይሞከራል። በዚህ ጊዜ መንገደኛ መጫን ክልክል ነው። በረራውም ብዙ ሰው ከማይኖርበት አካባቢ በላይ ይደረጋል። ፓይለቱ ፍጥነቱን፣ የሞተሩን ሙቀትና የነዳጅ ፍጆታውን ይመዘግባል። አውሮፕላኑ ላይም «ለሙከራ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል፤ የሚሳፈር ሰው ሁሉ አውቆ እንዲገባ ማለት ነው።

6. አብሮ መብረር

ሠሪዎቹ ከጨረሱ በኋላም አይለያዩም። የሠለጠኑት ተጠጋግተው በሰልፍ ይበራሉ፤ ይህ «ፎርሜሽን» ይባላል። ከመነሳታቸው በፊት መሬት ላይ ቆመው ይነጋገራሉ። ማን ይመራል? በየትኛው ምልክት እንግባባለን? አንዱ ቢቸገር ምን እናደርጋለን? ተከታዩ ዓይኑን ከመሪው ላይ አያነሳም። መሪው ደግሞ ድንገት አይታጠፍም፣ ለተከታዮቹ ያስባል። ተከታዩ መሪውን ማየት ካቃተው «አየሁት» ብሎ አይዋሽም፤ በሬድዮ ተናግሮ ይርቃል። ካረፉ በኋላም ተሰብስበው የተሳሳቱትን ይነጋገራሉ። መኮራረፍ የለም።

በየዓመቱ በሐምሌ ወር ኦሽኮሽ በምትባል የዊስኮንሲን ከተማ ትልቅ የአውሮፕላን ትዕይንት ይደረጋል፤ ብዙ ሠሪዎችም የሠሩትን እያበረሩ ይመጣሉ። ለእኛ እኩዮችም ፕሮግራም አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 የሆኑ ልጆችን በጎ ፈቃደኛ ፓይለቶች በነፃ ያበራሉ። እስካሁን ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆች በረዋል።

7. በአገራችንስ?

ኢትዮጵያዊው አስመላሽ ዘፈሩ ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ተምሮ በራሱ እጅ ትንሽ አውሮፕላን ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የዜና አውታሮች ታይቷል። ሞተሩ የቮልስዋገን መኪና ሞተር ነበር። ስሙንም «ኬ-570ኤ» ብሎታል፤ «ኬ» ከእናቱ ስም የመጣ ነው። ሳጥን ሙሉ ዕቃና ማኑዋል የላከለት ድርጅት አልነበረም። ዕቃውን ፈልጎ ያገኘው ራሱ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው በአጠገቡ «ክንፉን ልይልህ» የሚሉ አሥር ሠሪዎች ቢኖሩት ሥራው ምን ያህል እንደሚቀል አስቡት።

ምን ተማርን?

ጋራዥ ውስጥ የተሠራ አውሮፕላን የሚበረው ሠሪው የተለየ ጭንቅላት ስላለው አይደለም። ሥራውን ለሌላ ሰው ማሳየት ስለማያፍር ነው። እኛስ? ብዙዎቻችን «ይስቁብኛል» ብለን ደብተራችንን በእጃችን እንሸፍናለን። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የቤት ሥራችንን ለመምህር ከማስገባታችን በፊት ከጎናችን ላለው ጓደኛ እናሳይ። መገልበጥ ሳይሆን መተያየት ማለታችን ነው። ያየም አይሳቅ፣ የታየበትም አይቆጣ።

ማሳሰቢያ፦ እናንተ በወረቀት አውሮፕላንና በማስመሪያ ሞክሩ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ መዝለል የለም!

መልመጃ

1. የቀዳዳው ጠርዝ ለምን ይለሰልሳል?
2. 2,000 ሰዓት የሚፈጅ አውሮፕላን በሳምንት 8 ሰዓት ቢሠራ ስንት ሳምንት ይፈጃል?
3. 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከመሃሉ 2 ሜትር ላይ ተቀምጧል። 40 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ የት ይቀመጥ?
4. ተከታዩ መሪውን ማየት ካቃተው ምን ያደርጋል?

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለክበባችን አስገቡ። ከማስገባታችሁ በፊት ግን ለጓደኛ ማሳየት እንዳትረሱ!

ቸር ይግጠመን።