ወደ ዲንሾ ለሚደረግ ረጅም ጉዞ ምን ስንቅ እንያዝ? በተለይ ስኳር ላለበት ሰው



የዛሬው ትምህርት በውስጥ መስመር ከደረሰን ጥያቄ ይነሳል፦ «ዶክተር፣ ቅዳሜ እናቴን ይዘን በመኪና ከአዲስ አበባ ወደ ዲንሾ ልንሄድ ነው። ስኳር አለባት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። የመንገድ ምግብ ስለፈራን ከቤት ልንቋጥር አስበናል። ምን ይሻላል?»

እህቴ፣ ከቤት መቋጠራችሁ ጥሩ ነው። ነገር ግን ለእናትሽ እኔን በጣም የሚያሰጋኝ የተበላሸ ምግብ ሳይሆን የዘገየ ምግብ ነው።

እስቲ ጉዞውን እናስበው። ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ትነሳላችሁ፣ «ቁርስ አሰላ እንበላለን» ትባባላላችሁ። እናት እንደለመዱት ቤት ተወግተው ይወጣሉ። ከዚያ ጎማ ይተነፍሳል፣ ወይ መንገድ ይዘጋል፣ ወይ ሾፌሩ «ትንሽ እንግፋ» ይላል። መርፌው ግን ማንንም አይጠብቅም፣ ሥራውን ይቀጥላል። ስኳራቸው ይወርዳል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መነጫነጭ፣ ከዚያም መደናገር። መኪና ውስጥ ደግሞ ይሄ በቀላሉ ይታለፋል። ዝም ሲሉ «ደክሟት ነው፣ ትተኛ» ይባላል፤ ሲያልባቸው «መኪና አዙሯት ነው» ይባላል።

ስለዚህ ምግቡ እጃችሁ ላይ መኖሩን ሳታረጋግጡ አይወጉ። መርፌውን መዝለልም መፍትሔ አይደለም። የመጠንና የሰዓት ለውጥ ካስፈለገ ከመነሳታችሁ በፊት የሚከታተላቸውን ሐኪም ጠይቁ። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስዱም በዚሁ ይጠንቀቁ። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ እንዲህ የመውረድ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው።

ስንቁንም ፖርቶመጋላ ላይ ወይም ኋላ ኮፈን ውስጥ ከሻንጣ ሥር እንዳትቀብሩት! የእናት ስንቅ የእናት ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

አሁን ወደ ምርጫው። ምግብ የሚያበላሹ ተህዋስያን ለመራባት እርጥበትና ሙቀት ይፈልጋሉ። አያቶቻችን ይሄን በማይክሮስኮፕ ባያዩትም ስንቃቸው ሁሉ ደረቅ ነበር፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። የምታልፉበት የአርሲና የባሌ ደጋ ደግሞ የገብስ አገር ነው። እዚያ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ጩኮ ይሆናል፣ ውሃ ስለሌለው ብዙ ቀን ይቆያል።

ለእናትሽ መጀመሪያ የምመርጠው በሶ ነው። ገብስ ውስጥ ያለው አሰር ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ይረዳል። ዱቄቱን በደረቁ ያዙ፣ ሲፈለግ ብቻ በንጹሕ ውሃ በጥብጡት ወይም ጨብጡት። ለመደበኛ መክሰስ ስኳር አትጨምሩበት። የሽምብራና የገብስ ቆሎም ጥሩ ነው፣ ጥርሳቸው ከቻለ። ካልቻለ የስንዴ ድፎ ዳቦ ቆራርሳችሁ ያዙ። ሁሉም በልክ፤ «ገብስ ነው» ተብሎ እስኪጠግቡ አይበላም። ጩኮ ቅቤው ብዙ ስለሆነ ትንሽ ይበቃል፣ ኮሌስትሮል ያለበት ባይለምደው ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት አለ። ስኳር ሲወርድ በሶም፣ ጩኮም፣ ቸኮሌትም የመጀመሪያ እርዳታ አይሆኑም። አሰርና ቅባት ስኳሩን ያዘገዩታል፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ፍጥነት ነው። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ስኳር ያለው ለስላሳ (ዜሮ የሚባለውን አይደለም)። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙ። ሲስተካከል ነው በሶው ወይም ዳቦው የሚከተለው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ በጎን አስተኝታችሁ በቅርብ ወዳለ የጤና ተቋም ውሰዱ። በመንገዳችሁ አዳማና አሰላ ሆስፒታል አለ፣ ከዲንሾ ባሻገርም ሮቤና ጎባ።

እርጥብ ምግብ ከያዛችሁ ቶሎ ይበላ። የተቀቀለ እንቁላል፣ የሥጋ ሳምቡሳ፣ ፍርፍር፣ ሁሉም ከ2 ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ ባይቆዩ ይመረጣል፤ አዳማ አካባቢ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። እንቁላሉን ሳትልጡ ያዙት፣ አዳማን ሳታልፉ ጨርሱት። ድርቆሽም ቢሆን አንዴ ከራሰ ደረቅ ስንቅ መሆኑ አብቅቷል። ፍራፍሬ ላይ ብርቱካንና ሙዝ የሚመረጡት ልጣጫቸው ስለሚጠብቃቸው ነው። እጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና አትርሱ፤ ምግቡ ንጹሕ ሆኖ እጁ ከቆሸሸ ምን ዋጋ አለው?

ልጆች አብረው ካሉ፦ ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ በሚሄድ መኪና ውስጥ ቆሎና ኦቾሎኒ አትስጡ፤ መኪናው ሲነጥር ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል። ዳቦና ሙዝ ይበቃቸዋል። ከባሌ ማር ይዛችሁ ስትመለሱም ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንዳታልሱት። መንገድ ላይ የሚሸጥ ወተት የሚያጓጓ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ካልፈላ ይቅርባችሁ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ጥሬ ወተት ነው።

ውሃን በተመለከተ፣ እናቶቻችን «ሽንት ቤት የት ይገኛል» ብለው ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ ይጓዛሉ። ለስኳር ታማሚ ይሄ ጥሩ አይደለም። ዲንሾ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ሰውነት ሳይታወቅ ውሃ ያጣል። በየ2 ሰዓቱ ቁሙ፣ ውረዱ፣ እግር ይፍታታ፣ ትንሽ ይጠጡ። ሽንት ቤት የሚገኝበትን ቦታ ሾፌሩ አስቀድሞ ያስብበት።

ከደረሳችሁ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ከፍታው የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ራስ ምታትም ሊያመጣ ይችላል። እናት «አልራበኝም» ብለው የማታ መርፌያቸውን ተወግተው እንዳይተኙ! የተረፈው በሶ ለዚህ ይጠቅማል። ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለው ሳኔቲ የምትወጡ ከሆነ ዲንሾ አድራችሁ፣ በማግስቱ ደህና መሆናቸውን አይታችሁ ይሁን።

ኢንሱሊኑስ? ቀን አዳማ ላይ ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥ፣ ሙቀት ይገድለዋል። ማታ ዲንሾ ላይ ደግሞ መኪና ውስጥ አይደር፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ኢንሱሊን አንዴ ከበረደ በኋላ ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። መኝታ ቤት ውስጥ ልብስ መሃል ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። የስኳር መለኪያውም በጣም ሲቀዘቅዝ አልሠራም ስለሚል ኪስ ውስጥ ይሞቅ።

እህቴ፣ ዓርብ ማታ የምታዘጋጂው እንግዲህ ይሄ ነው፦ አንድ ኪስ በሶ፣ ትንሽ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ሁለት ብርቱካን፣ ውሃ፣ በትንሽ ብልቃጥ ስኳር ከማንኪያ ጋር፣ መለኪያው፣ የመድኃኒታቸው ስምና መጠን የተጻፈበት ወረቀት። አብሯቸው ኋላ የሚቀመጠውም ሰው ስኳሩ ያለበትን ኪስ ይወቀው። መልካም ጉዞ!