በክረምት መውጫ ምን አትክልት እንትከል?
ለጀማሪ የአትክልት ገበሬ የተዘጋጀ ትምህርት



በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርቡልናል። «ዘንድሮ አትክልት ልጀምር አስቤአለሁ፤ ምን ብተክል ይሻላል?» ይላሉ። ጥያቄው በዚህ ጊዜ መብዛቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ቦርከና ሞልቶ ይፈሳል፤ ምንጩና ጉድጓዱም ሞልቷል። ውኃ በዓይን ሲታይ ልብን ያደፋፍራል።

ነገር ግን በመስከረም የተዘራ አትክልት ፍሬ የሚሰጠው የመስከረምን ውኃ ጠጥቶ አይደለም። ራስ የሚቋጥረውና የሚጎለምሰው በጥርና በየካቲት ስለ ሆነ፣ የሚጠጣውም የእነዚያን ወራት ውኃ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ገበሬ የሚተክለውን ሲመርጥ ውኃውን በመስከረም ልክ ሳይሆን በጥር ልክ ሊቈጥር ይገባዋል። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

እኔም ከግብርና ኮሌጅ ተመርቄ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት በዚህ ነገር ተሳስቻለሁ። አንድ አባት በመስከረም ማሳቸውን አሳዩኝ። ወንዙ ሞልቶ ስላየሁ «ሩብ ሄክታሩን በሙሉ ሽንኩርት ያድርጉት» አልኋቸው። ለዘርና ለማዳበሪያ ተበደሩ። ጥር ሲገባ ወንዙ ቀጠነ፤ የውኃው ተራም በ14 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርስ ሆነ። ሽንኩርቱ ራስ በሚይዝበት ጊዜ ተጠማ፤ የተገኘውም ራስ ከነጭ ሽንኩርት ብዙ የማይበልጥ ነበር። እኒያ አባት ብድራቸውን የከፈሉት አንድ በሬ ሸጠው ነው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሳቸው አልነበረም። በሌላ ሰው በሬ የተገዛ ትምህርት ስለ ሆነ ለእናንተ በነፃ አቀርበዋለሁ።

1ኛ. ውኃችሁን በጥር ልክ ቍጠሩ

በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ቢፈስስ ከፍታው 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት አገር ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ በበጋ መሬቱን የሸፈነ አትክልት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠጣል። እንግዲህ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መሬት በቀን 500 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። ይህም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 25 ጀሪካን ነው። በቦይ ሲሄድ የሚባክነው በዚህ ውስጥ አልተቈጠረም።

ውኃ ከጉድጓድ በእጅ የምትቀዱ ከሆነ በዚህ ስፋት አትጀምሩ። 2 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ አንድ መደብ በቀን ሁለት ጀሪካን ተኩል ይበቃዋል። ቤተ ሰቡ በጥር፣ የመጠጥ ውኃና የከብት ውኃ ከተቀዳ በኋላ፣ ስንት ጀሪካን ለመጨመር አቅም አለው? የመደቡ ቍጥር በዚህ ይወሰን።

በቦይ የምታጠጡ ከሆነ ደግሞ የውኃ አባቱን ወይም በአካባቢው የኖሩ ሽማግሌን «በጥርና በየካቲት ተራው በስንት ቀን ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሽንኩርት ሥር አብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር አያልፍም። በመሆኑም በሞቃት ወራት በየ5 እስከ 7 ቀን ውኃ ይሻል። ተራው ከ10 ቀን በላይ የሚቆይ ከሆነ ለገበያ የሚሆን ሽንኩርት አትትከሉ። በጓሮ በጀሪካን የሚጠጣ ትንሽ መደብ ይሻላችኋል።

2ኛ. ቤቱንና ገበያውን ተመልከቱ

ጀማሪ ገበሬ በመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ቢወድቅ እንኳ ቤተ ሰቡ የሚበላውን መትከል አለበት። ያልተሸጠ ቆስጣ ወጥ ይሆናል፤ ያልተሸጠ ሽንኩርት በደረቅና ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ጥቂት ሳምንት ይቆያል። የበሰለ ቲማቲም ግን ቀን አይሰጥም።

ለሽያጭ የምታስቡት ከሆነ የገበያውን ቀን አስቀድማችሁ ዕወቁ። ሰንበቴ እሑድ፣ ባቲ ሰኞ ይገበያያሉ። በረመዳን ለአፍጥር የሚሆነው ሾርባና ሳምቡሳ ሽንኩርት ይፈልጋል። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀደም ስለሚል የዘንድሮው መቼ እንደሚገባ ቈጥራችሁ ዝሩ። በደሴና በኮምቦልቻ ደግሞ 55 ቀን በሚቆየው በዐቢይ ጾም አትክልት በብዛት ይበላል። ሁሉም ጎረቤት በአንድ ሳምንት ዘርቶ በአንድ ሳምንት ቢነቅል ግን ዋጋው መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ብቻ አትትከሉ።

3ኛ. ለመጀመሪያው ዓመት የሚስማሙ ሦስት አትክልቶች

100 ካሬ ሜትር መሬትና በየሳምንቱ የሚደርስ የቦይ ውኃ ላለው ጀማሪ የሚከተለውን ድልድል እንመክራለን።

ሀ) ቆስጣ፤ 20 ካሬ ሜትር። ከሦስቱ ቀላሉ ነው። በ50 እስከ 60 ቀን ለመቈረጥ ይደርሳል። የውጪውን ቅጠል እየቈረጣችሁ የመሐሉን ቡቃያ ከተዋችሁለት ለብዙ ሳምንታት ደጋግሞ ይሰጣል። ውኃ ቢያንስ ጥቂቱን መደብ ትታችሁ የቀረውን ማትረፍ ይቻላል።

ለ) ጥቅል ጎመን፤ 30 ካሬ ሜትር። ብርድ የሚወድ ስለ ሆነ በቆላ የሚስማማው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ኮፐንሃገን ማርኬት የሚባለው ዝርያ በአገራችን የታወቀ ነው። በመሥመር መካከል 60፣ በተክል መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ብትተዉ 125 ያህል ራስ ይይዛል። ከቅጠሉ ሥር ክሽክሽ እንዳይራባበት በየሁለት ቀኑ ገልብጣችሁ ተመልከቱ።

ሐ) ቀይ ሽንኩርት፤ 50 ካሬ ሜትር። ቦምቤ ሬድ ቶሎ ስለሚደርስ ውኃው ከመቅጠኑ በፊት ብዙ መንገድ ይሄዳል። ለዚህ ስፋት 20 ግራም ዘርና 2 ካሬ ሜትር ተኩል የችግኝ መደብ ይበቃል። የሽንኩርት ዘር በሙቀት ቶሎ ስለሚሞት፣ ዓመት ያለፈውን ዘር በርካሽ አትግዙ። ጥቂት ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ መብቀሉን ሞክሩ።

ቲማቲምን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት። ድጋፍ እንጨት፣ የበሽታ ቍጥጥርና ፈጣን ገበያ ይፈልጋል። ከዚህም በቀር ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ቅጠልና ፍሬ ሰርሳሪ ተባይ እ.ኤ.አ. በ2012 በአገራችን ከታየ ወዲህ ብዙ ልምድ ያላቸውን ገበሬዎች ሳይቀር አስቸግሯል።

4ኛ. የሥራው ጊዜ

መስከረም 10፦ የሽንኩርትና የቆስጣ ዘር ይዘራል። የሽንኩርቱ የችግኝ መደብ 1 ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው፤ መጨረሻው ዝናብ እንዳያጥበውም በሣር ይሸፈን። ዘሩ ሲበቅል ሣሩ ይነሣ።

መስከረም 20፦ የጥቅል ጎመን ዘር በሌላ መደብ ይዘራል።

ጥቅምት 25፦ ጎመኑ ወደ ማሳ ይዛወራል። ማዛወር የሚገባው ፀሐይ ሲበርድ፣ ከሰዓት በኋላ ነው።

ጥቅምት 30፦ የሽንኩርቱ ችግኝ 50 ቀን ሆኖታል። ሦስት ወይም አራት ቅጠል ካወጣ ይዛወር። በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይተው።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ቆስጣው መቈረጥ ይጀምራል።

ከጥር 25 ጀምሮ፦ ጎመኑ ጠንክሮ ሲጠቀለል ይቈረጣል።

የካቲት መጀመሪያ፦ ለሽንኩርቱ ውኃ ማጠጣት ይቆማል። አንገቱ ከግማሽ በላይ ሲወድቅ፣ እስከ የካቲት 20 ገደማ፣ ይነቀላል። ከዚህ ብዙ ከዘገየ የበልግ ዝናብ ያገኘውና ይበሰብሳል።

ከዚህ መቍጠሪያ እንደምትመለከቱት፣ በመስከረም ሁለት ሳምንት መዘግየት በመጨረሻ የሚከፈለው በየካቲት ውኃ ነው።

5ኛ. መሬትና አጥር

ጥቁር ዋልካ በመስከረም ውኃ ይቋጥራል። ጭቃው በእግር ላይ እየተጣበቀ አትቈፍሩት፤ ጠፈፍ ሲል ከፍ ያለ መደብ አውጡ፤ የበሰበሰ ፍግም ጨምሩበት።

የጨፋ ሜዳ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል ይዘው የሚወርዱበት ግጦሽ ነው። እንግዳው ከብት ጎመን ከሣር አይለይም። ስለዚህ አጥር ሳይታጠር ችግኝ አይዛወር። የከብት መተላለፊያና የውኃ መውረጃ በሆነ ስፍራም አትትከሉ። የአንድ መደብ ጎመን የጎረቤትን ወይም የእንግዳን ጠብ አያህልም።

በመጨረሻ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ አትበደሩ። ከተረፋችሁ ገንዘብ ዘር ግዙ፤ ከጓሮአችሁ ፍግ ውሰዱ። ቢሳካ በሚመጣው ዓመት መሬቱን እጥፍ ታደርጋላችሁ፤ ባይሳካ የምትከስሩት ጥቂት ዘርና ድካም ነው፤ በሬው በቤት ይቆያል።

ከቤተ ሰባችሁ ጋር የምትነጋገሩባቸው ጥያቄዎች

1. በጥር ወር በቀን ስንት ጀሪካን ውኃ ለአትክልት ማዋል እንችላለን? ወይም ተራችን በስንት ቀን ይደርሳል?
2. በዚያ ውኃ ስንት ካሬ ሜትር ይጠጣል?
3. ገዢ ባይገኝ ይህን አትክልት ራሳችን እንበላዋለን?
4. ጎረቤቶቻችን ዘንድሮ ምን ሊተክሉ ነው?
5. አጥሩን ማን፣ መቼ ያጥረዋል?

ለአምስቱም መልስ ካገኛችሁ ዘሩን ግዙ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካላገኛችሁ ግን ዘንድሮ አንድ መደብ ቆስጣ ብቻ ትከሉ፤ በጥርም ወደ ወንዙ ወርዳችሁ ውኃውን ተመልከቱ። ለሚመጣው ዓመት መልሱን ከዚያ ታገኙታላችሁ።