የሱለይማንን (ዐ.ሰ) በትር የበላው ፍጡር የራሱ እርሻ አለው

 

ሱረቱ ሰበእ ውስጥ የነቢዩላህ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ሞት ሲወሳ አንድ የምድር ፍጡር አብሮ ይጠቀሳል። ሱለይማን በትራቸውን ተደግፈው ሳለ ሩሓቸው ወጣች። ጂኖቹ በሕይወት ያሉ መስሏቸው ከባዱን ሥራ ቀጠሉ። ያ ፍጡር በትሩን በልቶ ሲጨርስ አካላቸው ወደቀ፣ ነገሩም ያኔ ታወቀ። የተፍሲር ሊቃውንት ፍጡሩን ምስጥ ብለው ያብራሩታል።

አሶሳ፣ ባምባሲ ወይም መንጌ ላደገ ወጣት ምስጥን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የቤቱን ምሰሶ፣ የቀርከሃውን አጥር፣ ማሳ ላይ የወደቀውን በቆሎ ሲበላ አይቷል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ትልልቅ ኩይሳ የሚሠሩት ምስጦች እንጨቱንና ሳሩን ብቻቸውን መፍጨት እንደማይችሉ ነው።

ማክሮተርምስ የሚባሉት እነዚህ ምስጦች ገበሬዎች ናቸው። ወጣቶቹ ሠራተኞች ደረቅ ሳርና የእንጨት ፍቅፋቂ ያኝኩና ከፈንገስ ዘር ጋር በአንጀታቸው በፍጥነት አሳልፈው በኩይሳው ውስጥ ይከምሩታል። ክምሩ ስፖንጅ የሚመስል የእርሻ መደብ ይሆናል። በላዩ የሚያድገው ተርሚቶማይሰስ የተባለው ፈንገስ ጠንካራውን የእንጨት ክፍል ይሰብረዋል። ክምሩ ሲበስል ደግሞ አሮጌዎቹ ሠራተኞች ይመገቡታል፤ የቀረውን የመፍጨት ሥራ በአንጀታቸው ያሉ ባክቴሪያዎች ያግዛሉ። ይህ የሥራ ክፍፍል በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ የዘረመል ጥናት በዝርዝር ታይቷል። ሱብሐነላህ፣ አንዱ ሳር በሦስት ፍጡራን እጅ ያልፋል!

እርሻው የቆየ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ በሩክዋ ሸለቆ የተገኘ ወደ ድንጋይ የተለወጠ የምስጥ እርሻ ዕድሜው 25 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆን በ2016 ተዘግቧል። የሰው ልጅ እህል መዝራት የጀመረው ከ10 ሺህ ዓመት ብዙም ሳይርቅ ነው። እንደ እኛ አረምም አለባቸው፤ ሌላ የፈንገስ ዓይነት በመደቡ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፣ ምስጦቹ ግን እንዳያድግ ይቆጣጠሩታል። ተመራማሪዎች ምስጦቹን ከመደቡ ሲያስወግዱ አረሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉን ወረሰው።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ክረምት ላይ ከኩይሳው ላይና ከአጠገቡ የሚፈላው የሚበላ እንጉዳይ የዚያው እርሻ ፍሬ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሶሳ ዞን መንጌ ወረዳ የበርታ ሕዝብ ለምግብና ለመድኃኒት ስለሚጠቀምባቸው እንጉዳዮች ያለውን እውቀት መዝግበው በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። የትኛው እንደሚበላ፣ የት እንደሚበቅል፣ ከየትኛው መሸሽ እንደሚገባ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና እናቶች እውቀት ሳይንስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያውም በሕይወት ዋጋ የተፈተነ። (እዚህ ላይ አደራ፦ የማታውቁትን እንጉዳይ ከስልክ ፎቶ ጋር አመሳስላችሁ አትብሉ። ገዳዩና የሚበላው መንትያ ሊመስሉ ይችላሉ።)

በሌላ በኩል የምስጥ ጉዳት ቀልድ አይደለም። በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይ በወለጋ፣ ቀደም ባሉት ዘመናት ኩይሳን በኬሚካል የመመረዝ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። ምስጡ ግን ዛሬም አለ። አብዛኛው ምስጥ የሚፈልገው የደረቀ ነገር ነው፤ ሳሩ በከብት ተግጦ ሲያልቅና ገለባው ሁሉ ከማሳ ሲነሳ ወደ ሰብሉ ፊቱን ያዞራል። መርዙ ይህን ረሃብ አያስታግሰውም። ኩይሳው ሲሞት ደግሞ እንጉዳዩም አብሮ ይሞታል፤ በተመረዘ አፈር ላይ የበቀለውን የሚለቅም ልጅ ደግሞ ምን እንደተረጨ አያውቅም።

ከእንጉዳዩም ሌላ ጥቅም አለ። በምዕራብ አውስትራሊያ የስንዴ ማሳ ላይ ተሠርቶ በ2011 የታተመ ጥናት፣ ጉንዳንና ምስጥ የተተዉበት ማሳ በፀረ ተባይ ከተጸዳው 36 በመቶ የበለጠ ምርት መስጠቱን አሳይቷል። ዋሻዎቻቸው ውኃን ወደ ውስጥ አስገቡ፣ በምስጡ አንጀት ያሉ ባክቴሪያዎችም ናይትሮጅን ለአፈሩ ጨመሩ። ያ አገር ደረቅ ነው፣ አሶሳ ዝናብ አላት፤ ቁጥሩን እንዳለ ወደዚህ ማምጣት ልክ አይሆንም። መንገዱ ግን ያው ነው፦ ዋሻው ለውኃ ይከፈታል፣ ከጥልቅ የወጣው ሸክላ አፈርም ላይ ይደርሳል። በደቡባዊ አፍሪካ የኩይሳ አፈር ቆፍረው ማሳቸው ላይ የሚበትኑ ገበሬዎች አሉ።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከቀደምት ነቢያት አንዱን አንዲት ጉንዳን ነከሰቻቸው፤ መንደሩ በሙሉ እንዲቃጠል አዘዙ፤ በአንዲቷ ምክንያት አላህን የሚያወድስ ማኅበረሰብ በማጥፋታቸውም ከአላህ ወቀሳ መጣባቸው። ጉዳትን መከላከል እንደሚፈቀድ ዑለሞች ያስተምራሉ፤ የቤታችሁን ምሰሶ የሚበላውን ምስጥ ዝም በሉ የሚላችሁ የለም። ጥያቄው የነከሰቻችሁ የትኛዋ ናት የሚለው ነው። ከቤት ሥር ያለው ኩይሳ አንድ ጉዳይ ነው። ግጦሽ መሬት ዳር የቆመው፣ ማንንም ያልነካውና ጎረቤት በየዓመቱ እንጉዳይ የሚለቅምበት ኩይሳ ሌላ ጉዳይ ነው። ከመርጨታችሁ በፊት የት እንደሚወጣና ምን እንደሚበላ ጥቂት ቀን ተከታተሉት፤ የግብርና ባለሙያም አማክሩ። ገለባውን በሙሉ ከማሳ አታንሱ፣ የሚበላው ይኑረው።

አንድ ነገር ልጨምር። አሸን ሲፈላ አይታችኋል? ክንፋቸውን ጥለው ጉድጓድ የሚገቡት ጥንዶች አዲስ ጎጆ ሊመሠርቱ ነው። በአብዛኞቹ እርሻ ያላቸው ዝርያዎች ግን የፈንገሱን ዘር ይዘው አይሄዱም። የመጀመሪያ ልጆቻቸው አድገው ምግብ ፍለጋ ሲወጡ፣ ከነባሮቹ ኩይሳዎች የበቀለው እንጉዳይ እንደ ዱቄት የላመ ዘሩን ሳሩ ላይ በትኖ ይጠብቃቸዋል። ልጆቹም ከሳሩ ጋር ወደ ቤት ያስገቡታል።